ቤት የዋለ ሠራተኛ ጠያቂ አያጣም

ከደብረ ታቦር ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ሁሉ "ምን አየህ?" ይለኛል። የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን ጋፋትን አላየሁም። የጉና ተራራንም ያየሁት ከሩቅ፣ ጭጋጉ ሲገለጥ ብቻ ነው። በደንብ ያየሁት አንድ ቢሮ ነው። ምሳቸውን በልቼ፣ መኪናቸውን ተሳፍሬ፣ ሳላስበው ጉዳያቸው ውስጥ ገብቼ ተመለስኩ። ወደዚያ መሄድ ለማይገጥማችሁ አንባቢዎች የሆነውን በሆነበት ተራ እጽፈዋለሁ።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። በገጠር ምንጭ እያጎለበተ ውሃ የሚያዳርስ አንድ ድርጅት፣ ኮሮና ካለፈ በኋላ፣ ሠራተኞቹ ከሳምንቱ ከፊሉን ቀን ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ሊፈቅድ አሰበ። አዲስ አበባ ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሐሳቡን በደስታ ተቀበለው። የደብረ ታቦር ቅርንጫፍ ግን ብዙም እንዳልወደደው ተሰማ። ጋዜጣዬ "ለምን እንደሆነ ጠይቀህ ና" ብሎ ላከኝ። የድርጅቱን ስም ላልጠቅስ፣ የሰዎቹንም ስም ልቀይር ቃል ገብቻለሁ።

እሑድ

እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ ተጓዝኩ። ጥምቀት አልፎ ሰርግ ተጀምሯል፤ መንገዱ በሙሽራ መኪና ጥሩምባ ይናጣል። ሐሙሲት ስንደርስ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ተቀያሪው ጎማም አየር የሌለው ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ "ጎሚስታው ክርስትና ቤት ነው፤ አስጠራዋለሁ" ብሎ ጠፋ። አዲስ አበባ ቢሆን ተሳፋሪው ተጨቃጭቆ፣ ሒሳቡን አስመልሶ ሌላ መኪና ይፈልግ ነበር። እዚህ ሁሉም ወርዶ ጥላ ያዘ፤ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠብቀው ይጫወት ጀመር።

አንዲት ባለ ሱቅ እናት አግዳሚ ወንበር አወጡልንና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡ። "እንብላ" አሉ ለመንገደኛው ሁሉ። እኔ "በልቻለሁ" አልኩ፤ አልበላሁም ነበር።

"ከየት ነህ የኔ ልጅ?"

"ከአዲስ አበባ።"

"ለዚያ ነዋ! የአዲስ አበባ ሰው ብቻውን ይበላል ይላሉ። እውነት ነው?"

ምሳዬን ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ እንደምበላ ነገርኳቸው። ድንች የሚልጠው እጃቸው ቆመ።

"ታዲያ 'እንብላ' የሚልህ ማነው?"

"ማንም።"

"በስመ አብ!" ብለው ትልቁን ድንች አስያዙኝ። ሁለተኛ ጊዜ እምቢ ለማለት አልደፈርኩም።

ጎሚስታው የክርስትናውን ልብስ ሳይቀይር መጥቶ ጎማውን ለጠፈ። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፈን ሽቅብ ወጣን። ደብረ ታቦር ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ብርዱ ጫማ ውስጥ ይገባል። የሆቴሉ ባለቤት ፊቴን አይቶ ሳልጠይቀው ሁለተኛ ብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ይዞልኝ መጣ።

ሰኞ

ቢሮው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ በከበበው ግቢ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ አስናቀው በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ሠራተኛው አንድ በአንድ ሲገባ ሰላምታው ብቻ ሥራ ያስፈታል። የልጁ ሳል፣ የላሟ መውለድ፣ የአጥሩ ማለቅ ሁሉ ይጠየቃል። በእኔ ቢሮ ሰላምታ ማለት ከስክሪን በላይ ብቅ የምትል እጅ ናት።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ስብሰባ ተቀመጥን። አቶ አስናቀው ጉዳዩን አስረዱ። አዲስ አበባ ከየቅርንጫፉ የሚፈልገው አንድ መልስ ነው። ቅርንጫፉ "ይሁን" ካለ እያንዳንዱ ቤት የሚሠራበትን ቀን ራሱ ይመርጣል፤ "አንፈልግም" ካለ ግን ለማንም አይፈቀድም። መልሱ ዓርብ ይላካል። ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ አንድ ሠራተኛ ከቤቱ ሆኖ ሠርቶ ያሳያል።

ሁሉም ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረ። ጋሽ ሰይድ የሒሳብ ሹሙ ናቸው፤ የደብረ ታቦር ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ፣ ጡረታቸው የደረሰ፣ ለቢሮው ሁሉ እንደ አባት የሆኑ ሰው። እሳቸው ሳይናገሩ ሌላ ሰው አይናገርም።

"ሃይብሪድ ይሉታል" አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። "ሃይብሪድ በቆሎ አይተናል። ፍሬው ያምራል፤ ለዘር ግን አይሆንም። ሰው ከሰው ጋር ቢውል ይሻላል። ቢሮ ይበቃናል።"

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ዙሩ ቀጠለ። "እንደ ጋሽ ሰይድ።" "እኔም እንደ ጋሽ ሰይድ።" የየወረዳውን ሪፖርት የምታጠናቅረው ትርንጎም ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሳ "እንደ ጋሽ ሰይድ" አለች። የረቡዕን ሙከራ ማን ይሥራ ሲባል ግን "እኔ አባቴን ለማየት እብናት መውረዴ ስለማይቀር ልሞክረው" ያለችው እሷ ነበረች።

የመጣሁበት ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ተመለሰ ማለት ነው። ሻንጣዬን ይዤ ብመለስ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ነገር ግን ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ቃል የሚሰጠኝን መልስ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ትሪ ተዘረጋ። ሁሉም ከቤቱ የቋጠረውን ያራግፍበታል። ሕግ አለው፤ ፍስክም ሆነ ጾም ሥጋ አይገባም። "ሥጋ ጋሽ ሰይድን ከእኛ ይለያቸዋል፤ ሽሮ ግን ሃይማኖት የለውም" አሉኝ አቶ አስናቀው። ጋሽ ሰይድ "እንብላ" ብለው ሲቆርሱ ይጀመራል። ሽሮው ሳያልቅ ማን የትኛው ወረዳ እንደሚወርድ፣ መኪናው ለማን እንደሚሰጥ፣ የማን ፈቃድ እንደሚገፋ ተወሰነ። ከሰዓት በኋላ በተደረገው ስብሰባ ያው ነገር በቃለ ጉባኤ ቋንቋ ተደገመ። ከዚህ ትሪ መቅረት ማለት ከምሳ ብቻ መቅረት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ማክሰኞ

ሁሉንም ለየብቻ አነጋገርኩ። በር ሲዘጋ መልሱ ተለወጠ።

ኢንጂነሩ ይርጋ ወጣት ነው፤ ተከራይቶ ይኖራል። "ኮሮና ጊዜ ቤት ስሠራ አከራዬ የተባረርኩ መሰላቸው" አለኝ። "ከቅዳሴ መልስ ጸበል ያመጡልኛል፤ ሥራ እንዳገኝ ይጸልዩልኛል። 'ኧረ እማማ፣ ደመወዝ አለኝ' ብላቸው 'አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል' አሉኝ።"

"ታዲያ ቤት መሥራት አትፈልግም?"

"ሁለት ቀን ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ንድፍ ስሠራ ጸጥታ እሻለሁ። ግን ጋሽ ሰይድ ተናግረዋል።"

እውነቱን ለመናገር ቢሮውን ከልባቸው የሚመርጡም ነበሩ። አንዱ ቤቱ አንዲት ክፍል ናት፤ ሌላዋ "ቤት ከዋልኩ ጎረቤት እንግዳ ሲመጣበት እኔን ነው የሚጠራ" አለች። ሁሉም ያነሱት አንድ ነገር ግን አለ፤ በዚህ ቢሮ ልማድ ሰው የሚቀረው ወይ ሲያመው፣ ወይ ሐዘን ሲገባው፣ ወይ ሲያኮርፍ ነው። አራተኛ ምክንያት የለም።

ትርንጎ መጨረሻ ገባች። በሩን ራሷ ዘጋችው።

"አባቴ የእህል ነጋዴ ነበሩ" አለች። "ዓምና ግማሽ ጎናቸው እምቢ ካለ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። የምታነሳቸው ታናሽ እህቴ ናት። እሷም ጥር ሳይወጣ ትዳራለች፤ ባሏ ያለው መተማ ነው።"

"ወደዚህ ብታመጫቸውስ?"

"በክረምት አምጥቻቸው ነበር። የደብረ ታቦር ብርድ ባሰባቸው። ሐኪሙም ወደ ሞቃቱ ይመለሱ አለ።"

"ቅርንጫፉ 'አንፈልግም' ካለ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ሥራዬን እለቃለኋ።"

"ታዲያ ትናንት ለምን 'እንደ ጋሽ ሰይድ' አልሽ?"

ወደ በሩ አየች። "እናቴ የሞቱ ጊዜ ድንኳን ያስተከሉት፣ ለቀስተኛ የተቀበሉት ጋሽ ሰይድ ናቸው። አሁን ከአፋቸው ቃል ነጥቄ በምን ፊቴ ከትሪው እቀርባለሁ? ይህን ለማንም አይንገሩብኝ፣ ጋሼ።"

አልነግርም አልኩ።

ወደ ሆቴሌ ስመለስ የራሴን ቢሮ አሰብኩ። አንድ ባልደረባችን እናቱን ቀብሮ ሲመለስ እኛ የሰማነው አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ግማሻችን ቤት ነን፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ አናውቅም። ቤት መሥራትን የወደድነው ለጸጥታው ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ቢሮው ቀድሞም ቢሆን ማንንም የማይጠብቅ ስለሆነ ይሆናል። እዚህ ደግሞ ቢሮው በጣም ይጠብቃል። የሚጠበቅ ሰው ደግሞ የሚፈልገውን መናገር ይከብደዋል።

ረቡዕ

ትርንጎ ከቢሮ የወጣችው ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ትሪው ቀረበ። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

"ትርንጎ የለችም።"

"ቤት ሆና እየሠራች ነው፣ ጋሼ" አለ ይርጋ። "ሙከራው እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ግን አባቷ ብሶባቸው ቢሆንስ? ይቺ ልጅ ችግሯን ዋጥ ነው የምታደርግ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኳ ተይዟል። ስልክ መቼ ነው እንዲህ የሚያዝ? ሰው ሲጨነቅ ነው።"

አቶ አስናቀው ሹፌሩን ጠሩ። ስኳር፣ ብርቱካንና ትልቅ ድፎ ዳቦ ተገዛ። ልምጣ ወይ ብዬ እስክጠይቅ ማንም አልጠበቀኝም፤ ገፍተው አስገቡኝ። መኪናው ውስጥ ተጠባብቀን የጠጠሩን መንገድ ወደ እብናት ወረድን። በመንገዱ ሁሉ የሚወራው ስለ አባቷ ነበር። ስለ ሙከራው ያነሳ የለም። ቁልቁል በሄድን ቁጥር አየሩ ሞቀ፤ እኔም ካፖርቴን አወለቅኩ።

ትርንጎ መስኮቱ ሥር ላፕቶፗን ከፍታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከአንድ የወረዳ ባለሙያ ጋር ስለ ተበላሹ የውሃ ፓምፖች ትነጋገር ነበር። ስልኳ የተያዘው ለዚህ ነው። ቀና ስትል መላው ቢሮ ዳቦ ተሸክሞ በሯ ላይ ቆሟል። ማዳመጫውን ነቅላ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ማን ሞተ?"

እኛ እርስ በርስ ተያየን። ይህ አባሰባት።

"ንገሩኛ! እህቴ ናት?"

እህቷ ከጓዳ እጇን እያደራረቀች ወጣች። "ምንድን ነው?"

"የሞተስ የለም!" አሉ ጋሽ ሰይድ። "አንቺን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ቤት ዋልሽ ሲባል ጊዜ…"

ትርንጎ ግድግዳውን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። ሳቁ መሃል ላይ ዕንባ ሆነ፤ እንደገና ሳቅ ሆነ። እኛም አብረን ሳቅን። ከዚያ በኋላ የሆነው በየትኛውም የእብናት ቤት የሚሆነው ነው። ላፕቶፑ ተዘጋ። ቆሎ ተቆላ፣ ሽሮ ተጣደ፣ ጠላ ተቀዳ፤ ለጋሽ ሰይድ ሻይ ተፈላ። አባቷ አቶ ቢያድግልኝ ትራስ ተደግፈው ቀና አሉ። ቃል የሚወጣቸው በቀስታ ነው።

"ይህ ሁሉ… የልጄ ቢሮ ነው?"

"ይህ ሁሉ" አሏቸው ጋሽ ሰይድ አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ብርቱካን እየላጡላቸው።

ሽማግሌው እንደዚያን ዕለት ከተደሰቱ ቆይተው እንደነበር እህቲቱ ነገረችኝ። አምናታለሁ። ትርንጎ ግን ሳህን ባቀረበች ቁጥር የተዘጋውን ላፕቶፕ ታየው ነበር። ሪፖርቱ በአሥራ አንድ ሰዓት አዲስ አበባ መድረስ አለበት። እንግዳ ተቀምጦ ሥራ ልክፈት የሚል ሰው እዚያ አገር የለም፤ እንግዳው አለቃዋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እኛ ስንነሳ ኔትወርኩ ጠፍቶ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ሰይድ ከኔ ጎን ተቀመጡ። ሽቅቡን ስንጀምር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

"ይቺ ልጅ ለአንተ ምን አለችህ?"

"ለእርስዎ ያላለችውን እኔ ልነግርዎ አልችልም፣ ጋሽ ሰይድ።"

መልሴ ጨዋ መልስ መስሎኝ ነበር። ዳገቱ አናት ስንደርስ ወደ እኔ ዞሩ።

"እንግዲያው ያላለችኝ ነገር አለ ማለት ነው" አሉ።

ሐሙስ

ጠዋት አዲስ አበባ ደወለ። አቶ አስናቀው ቢሮ ነበርኩና ሰማሁ። "የትናንቱ ሪፖርት አልደረሰም። ሙከራው አልተሳካም ብለን እንያዘው?" አቶ አስናቀው እኔን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። "እስከ ነገ ስጡን" አሉ። ስልኩን ዘጉ።

"እኛ ደግሞ ደግ የሠራን መስሎን" አሉ።

ትርንጎ ማልዳ ደርሳ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። በምሳ ሰዓት እንደ ሁልጊዜው ከትሪው ቀረበች፤ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርሳ እጇን ሰበሰበች። ጋሽ ሰይድ አዩ። እንደተለመደው ሊያጎርሷት ዘርግተው የነበረውን እጅ መለሱት።

ዓርብ

ሁሉም እንደ ሰኞው ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረ።

"ሰኞ ቀድሜ ተናግሬ በሩን ዘጋሁባችሁ" አሉ። "ዛሬ የምናገር መጨረሻ ነው። ከትንሹ ጀምሩ።"

ትንሹ ይርጋ ነው። ተቁነጠነጠ። "ጋሼ፣ እርስዎ ወዴት እንደሚያደሉ ፍንጭ እንኳ…"

"አንተ ልጅ፣ ኢንጂነር የሆንከው ከጎንህ እየቀዳህ ነው እንዴ?"

ሳቁ አፉን ፈታለት። ሁለት ቀን ቤት፣ ሦስት ቀን ቢሮ አለ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቢሮ መረጠ፤ ምክንያቱን ተናገረ። ተራው ትርንጎ ጋ ደረሰ። ቆመች።

"ሦስት ቀን እብናት፣ ሁለት ቀን እዚህ" አለች። "ይህ ካልሆነ መልቀቂያ አስገባለሁ። አባቴን የሚያነሳ ሰው አይኖርም።"

"ይህን ያህል ነገር ደበቅሽን?" አሉ አቶ አስናቀው።

"አልደበቅኩም፣ ጋሼ። መናገሪያ ተራ ነው ያጣሁት።"

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልጠረጉትም፣ አላስቀመጡትም፤ ያዙት ብቻ።

አቶ አስናቀው ሲጨንቃቸው የነበረውን አወጡት። "እሺ። ግን ትሪው ሲሳሳ ይህ ቢሮ ምን ይሆናል? ሰው ከሰው ሲርቅ እኮ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው።" እኔ መልሱን ከራሴ ቢሮ አውቀዋለሁ፤ ጥያቄያቸው ከንቱ ፍርሃት አይደለም።

በመጨረሻ ጋሽ ሰይድ ተናገሩ። "እኔ ቢሮ ነኝ። ቤት ከዋልኩ ባለቤቴ ሽንኩርት ታስልጠኛለች፣ ወላሂ። የቅርንጫፉ መልስ ግን 'ይሁን' ይባል። የረቡዕን ሪፖርት ያስቀረነው እኛ መሆናችንም አብሮ ይጻፍ። ከእንግዲህ ጥየቃ ቅዳሜ ነው። የሚወሰን ነገር ካለ ደግሞ ሁሉም ሰው ባለበት ቀን ይወሰን፤ በሌለች ልጅ ላይ አይመከርም።"

እንዲሁ ተጻፈ። ማምሻውን አዲስ አበባ "ከሰኞ ጀምሩ" አለ።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ ልመለስ ነበር። መናኸሪያው ባዶ ነው፤ ሚኒባሶቹ በሙሉ ለሰርግ ተይዘዋል። ይርጋ ሰምቶ በእንግድነት ወደ ቤቱ ወሰደኝ። አከራዩ ሁለቱንም ቀን ምሳና እራት አበሉኝ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ ስላዩኝ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ለእኔም ጸበል አመጡልኝ። "አንተም አይዞህ" አሉኝ። "ሥራ አይጠፋም።" አመስግኜ ጠጣሁ።

ሰኞ

መኪናዬ የሚነሳው ከሰዓት ነበርና በምሳ ሰዓት ልሰናበት ቢሮ ገባሁ። ትሪው ቀርቧል። የትርንጎ ቦታ ባዶ ነው፤ ማንም አልተጠጋበትም። ጋሽ ሰይድ ታጥበው ተቀምጠዋል፤ ግን አይጀምሩም። አቶ አስናቀው አቀርቅረዋል። የሽሮው እንፋሎት እየቀነሰ ሄደ።

"ሹፌሩን ልጥራው?" አለ ይርጋ ቀስ ብሎ።

"ቁጭ በል" አሉት ጋሽ ሰይድ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው በባዶው ቦታ በኩል ትሪው አጠገብ አስቀመጡት።

"አቤት ጋሽ ሰይድ! ሪፖርቱ ይደርሳል፣ ትንሽ ነው የቀረኝ…"

"ስለ ሪፖርት ማን ጠየቀሽ? እንብላ!"

ስልኩ እጅ ሲቀይር ተሰማ። ቀጥሎ የመጣው የእሷ ድምፅ አልነበረም፤ ቃሉን አንድ በአንድ የሚያነሳ የሽማግሌ ድምፅ ነበር።

"ማዕዱ… ይባረክ" አሉ አባቷ። "ብሉ። እሷ… ሥራ ላይ ናት።"

ጋሽ ሰይድ ቆረሱ፤ እኛም ተከተልን።